ሆቴሎቻችን ለባለአበል እንጂ ለባለልጅ አልተሠሩም

ጥር 23 ቀን የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ ወደ እንጅባራ ሆቴሎች ከሚደውሉት መካከል ልጆቹን ይዞ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመጣ አባወራ አይጠፋም። የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ግምጃ ቤት ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሦስት ልጆች ያፈራ ሰው እንበል። «ለአምስት ሰው የሚሆን ክፍል አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። «ሁለት ክፍል እንይዝልዎታለን» ይባላል። ሲደርስ አንዱ ክፍል ምድር ቤት፣ ሌላው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። የስድስት ዓመት ልጅ ሌሊት ቢባንን በዚያ በአገው ምድር ብርድ ኮሪደር አቋርጦ እናቱን ይፈልግ? ባልና ሚስት ልጆቹን ተካፍለው ተለያይተው ያድራሉ፤ ሁለት ክፍል ሙሉ ዋጋም ይከፍላሉ።

ይህ የባለ ሆቴሎቹ ክፋት አይደለም። በየወረዳው ከተማ መኝታ የተሠራው ለብቻው ለሚጓዝ ሰው ነው። ደንበኛው ሾፌር ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ከሁሉም በላይ አበል ተቆርጦለት ለስልጠና ወይም ለቁጥጥር የወጣ ሠራተኛ ነው። ባለአበል አንድ አልጋ፣ አንድ ደረሰኝና የሚቆለፍ በር ይበቃዋል። ግንበኛውም ይህንኑ ተከትሎ ኮሪደሩን በነጠላ ክፍሎች ይደረድራል። ቤተሰብስ? ቤተሰብ ዘመድ ቤት ያድራል ተብሎ ተትቷል።

በእርግጥም ያድራል። የግምጃ ቤት ልጅ ሆቴል አደረ ቢባል አክስትና አጎት ያዝናሉ። ይሁንና ዘመድ ቤት ማደር ነጻ የሚመስለው ሂሳቡን ሌላ ሰው ስለሚከፍለው ነው። ባለቤቶቹ አልጋቸውን ለቀው መሬት ላይ ይተኛሉ፣ በግ ይታረዳል፣ ፍራሽ ከጎረቤት ይለመናል። ይህ ሁሉ በየትኛውም የሆቴል መዝገብ ላይ አይታይምና ባለሀብቱ «የቤተሰብ ፈላጊ የለም» ብሎ ይደመድማል። ፈላጊው ግን አለ፤ በይሉኝታ ተሸፍኖ ነው።

በሌላው ዓለም ለዚህ ጉዳይ መፍትሔ የተበጀው ከሁሉም በላይ ቦታ በሚጠብብት በመዝናኛ መርከብ ላይ ነው። የመርከብ ክፍል ሁለት አልጋ፣ አንዳንዴም ከጣሪያ ወይም ከግድግዳ የሚወርድ ተጨማሪ አልጋ ይኖረዋል፤ አምስት ሰው ግን በአብዛኛው አይዝም። ስለዚህ ኩባንያዎቹ በውስጥ በር የሚገናኙ ጥንድ ክፍሎችን ለይተው ይሸጣሉ። በአንድ ክፍል የሚጨመረው ሦስተኛና አራተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ያነሰ ይከፍላል፤ ስለሆነም ሁለት ክፍል መያዝ ይወደዳል። በለውጡ ሁለት መታጠቢያ ቤትና ልጆቹ ከተኙ በኋላ መብራት አብርቶ ማውራት ይገኛል። ልምድ ያላቸው ወላጆች «ጎን ለጎን» የሚለውን ቃል አያምኑም፤ ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች የግድ በር የላቸውም። ርካሽ ተብሎ ቁጥሩ ሳይታወቅ የሚሸጠውን ክፍልም አይገዙም፤ ምርጫው የኩባንያው ስለሆነ ቤተሰቡ ሊበታተን ይችላል።

የእኛ ባለ ሆቴል የመጀመሪያ ስጋት «በር ካወጣሁ ባለአበሉ አይተኛልኝም» የሚል ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ማንም በማያውቀው ሰው በር ሥር መተኛት አይወድም። መልሱ አንድ ሳይሆን ሁለት በር ነው። በአንዱ መቃን ላይ ጀርባ ለጀርባ የሚገጠሙ፣ እያንዳንዳቸው ከየክፍላቸው የሚቆለፉ በሮች። ቤተሰብ ሲመጣ ሁለቱም ይከፈታሉ፤ ሌላ ጊዜ ክፍሎቹ ለየብቻ ይሸጣሉ። ድምፅ ትንሽ ያሳልፋሉ፤ ጥሩ እንጨትና ጥሩ ማሸጊያ ያስፈልጋል። ሕንፃው በአምድ የቆመ ከሆነ በክፍሎቹ መካከል ያለው ብሎኬት ብዙ ጊዜ ሸክም አይሸከምም፤ መሐንዲስ አይቶት በሩ በኋላም ሊወጣ ይችላል። በግንባታ ጊዜ ከታሰበበትማ ወጪው የሁለት በር ዋጋ ነው።

ዋጋውን እንመልከት። አንዱ ክፍል 1,000 ብር ነው እንበል። ቤተሰቡ ሁለቱን በ1,700 ብር ቢያገኝ ባለቤቱ 300 ብር የከሰረ ይመስለዋል። ክፍሎቹ ባዶ ሊያድሩ ከነበረ ግን ተጨማሪ ወጪው አንሶላ ማጠቢያ፣ ሳሙናና ውሃ ብቻ ነው። በጥር 23 ሰሞን ቅናሽ አያስፈልግም፤ ያን ጊዜ ቤተሰብ የሚፈልገው በሩን ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የመንገደኛውን ቁጥር ቀንሷል፤ ዛሬ አዲስ ሆቴል ጀምሩ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ግንባታቸው ያልተጠናቀቀ ሕንፃዎች ባለቤቶች፣ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ግድግዳው ሳይለሰን በየፎቁ አንድ ጥንድ ክፍል ቢያስቡ ገበያው ሲመለስ ይዘጋጁለታል።

እስከዚያው አባወራው ቀብድ ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ክፍሎቹ በአንድ ፎቅ ላይ ናቸው? በመካከላቸው በር አለ? የዚያ በር ቁልፍስ በማን እጅ ነው?