ማስሎ ያልሠራው ፒራሚድ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የጠቅላላ ሥነ ልቦና ኮርስ የወሰደ ተማሪ የሥነ ልቦና ሊቁን የማስሎን አምስት የፍላጎት እርከኖች በቃሉ ይወጣቸዋል። ከታች ምግብና ውሃ፣ ቀጥሎ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅርና ወገን፣ ከዚያ ክብር፣ ጫፉ ላይ ራስን እውን ማድረግ። ተመርቆ ሲወጣም የፒራሚዱ ሥዕል አይለቀውም፤ በአስተዳደር ሥልጠናውና በገበያ ጥናቱ እንደገና ይጠብቀዋል። ይህን ያህል የታመነው ፒራሚድ ግን የቆመበት መሬት የላላ ነው።

አብርሃም ማስሎ ሐሳቡን ያቀረበው በ1943 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፍ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ነገር የለም። ሥዕሉን ያስፋፉት በኋላ ሐሳቡን ለሥራ አስኪያጆች እንዲመች አድርገው ያሳጠሩት የአስተዳደር ጸሐፊዎች ናቸው። ማስሎ ራሱ ቅደም ተከተሉ ግትር እንዳልሆነ፣ አንዱ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ሳይሟላ ሌላው እንደሚነሣ፣ ላመኑበት ዓላማ ሁሉን የሚሰጡ ሰማዕታትም እንዳሉ ጽፏል። ሐሳቡን የምናስተምረው እንግዲህ ደራሲው ካስጠነቀቀበት ስሕተት ጋር ነው።

ደራሲውም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። ራሳቸውን እውን ያደረጉ ያላቸውን ሰዎች የመረጠው ራሱ ነው፤ ከዚያ የወደደላቸውን ጠባይ ዘርዝሮ የሰው ልጅ ምሉዕነት ይህ ነው አለ። ከዝርዝሩ ውስጥ ቶማስ ጀፈርሰን ይገኛል፤ በዕድሜ ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰው። የሌሎችን ነጻነት ረግጦ የቆመ ሰው ጫፉ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ፣ መለኪያው የማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማስረጃውም አያግዝም። ተመራማሪዎቹ ዋህባና ብሪድዌል በ1976 እ.ኤ.አ. የነበሩትን ጥናቶች ሲመረምሩ ለእርከኖቹ ቅደም ተከተል ያገኙት ድጋፍ እጅግ ጥቂት ነበር። ታይና ዲነር በ2011 እ.ኤ.አ. የ123 አገሮችን መረጃ ሲያጠኑ ደግሞ ፍላጎቶቹ ለሰው ደኅንነት በእርግጥ እንደሚያስፈልጉ፣ ግን የግድ በተራ መሟላት እንደሌለባቸው አሳዩ።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም። ዕድራችንን እንይ። የወር አስቤዛ ያልሞላላት እናት የዕድር መዋጮዋን አታጓድልም። ከልጆቿ እንጀራ ላይ ቀንሳ የምትከፍለው ያለ ወገን ላለመቅረት፣ የቤቷም ሰው በክብር እንዲቀበር ነው። በፒራሚዱ ሒሳብ ይህች ሴት እርከን ዘልላለች፤ በመንደሯ ሒሳብ ግን የምትሠራውን ታውቃለች። ጎተራው ባዶ ሆኖም የሚጾመውን ገበሬ ሥዕሉ የት ያስቀምጠዋል?

የተራበ ልጅ ትምህርት አይገባውም የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ረኀብ አእምሮን ያደክማል፣ ትምህርት ቤት ምሳ ማብላትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ረኀብ ከባድ ነው ማለትና የተራበ ሰው ከምግብ በቀር ሌላ ነገር አያሻውም ማለት ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው አባባል ለባለሥልጣንም ለረጂ ድርጅትም ይመቻል። ድሀው መጀመሪያ ይብላ፣ የመናገር መብቱና ክብሩ በኋላ ይደርሳሉ ይባላል። ያ «በኋላ» መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ግን ድሀው አይደለም። የዕርዳታ ስንዴ ለመቀበል ፀሐይ ላይ ተሰልፎ የሚመናጨቅ ሰው ስድቡ ጥጋብ እስኪመጣ ድረስ አይቆየውም፤ ያኔውኑ ያመዋል።

ማስሎን ከሥርዓተ ትምህርቱ እናውጣ አልልም። ሰውን በሕመሙ ብቻ ሳይሆን በጤናውም ማጥናት ይገባል ብሎ የተነሣ ሰው ነውና ሊነበብ ይገባዋል። መምህራን ግን የ1943ቱን ጽሑፍ ከሥዕሉ ጎን አስቀምጠው ተማሪዎች ልዩነቱን እንዲፈልጉ ያድርጉ። በፈተናም አምስቱን እርከን ዘርዝሩ ማለቱ ቀርቶ፣ እናቲቱ ለምን የዕድሯን መዋጮ አስቀደመች ተብሎ ይጠየቅ። ይህን መመለስ የማይችል ተመራቂ ስለ ድሀ ፍላጎት የፕሮጀክት ሰነድ ባይጽፍ ይሻላል።