የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሩት ነጋ ከኦስካሩ በፊት



ስለ ሩት ነጋ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ «ላቪንግ» በተሰኘው ፊልም በምርጥ ሴት ተዋናይነት ለኦስካር ከታጨችበት ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለው ነው። «የኛ ልጅ!» ብለን ያጨበጨብነውም ያኔ ነው፤ ዘግይተናል። በዚህ እትም ወደ መነሻዋ እንመለሳለን።

የተወለደችው አዲስ አበባ ነው፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ። በአራት ዓመቷ ከአገር ወጣች። አባቷ በመኪና አደጋ ሲሞት ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። ልጅነቷ አየርላንድ ውስጥ፣ በሊምሪክ፣ በእናቷ ዘመዶች መሃል አለፈ።

ትወናን በደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረች። ቀድሞ ያወቃት የቴአትሩ ዓለም ነው፤ «ደክ» በተባለው ተውኔት ላይ ባሳየችው ችሎታ ለንደን ላይ ለኦሊቪየር ሽልማት በተስፋ ሰጪ ጀማሪነት ታጭታለች። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ዳይሬክተሩ ኒል ጆርዳን «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» ለተሰኘው የ2005 ፊልሙ ተዋንያን ሲመርጥ አይቷት በጣም ስለወደዳት፣ እሷን ለማሳተፍ ሲል የፊልሙን ጽሑፍ ቀየረ። ጀማሪ ተዋናይት ለገጸ ባሕርይዋ ትመጥን እንደሆነ ትፈተናለች እንጂ ድርሰቱ በእሷ ልክ ሲሰፋ ስንቴ አይተናል? ለዚያውም እንደ እሷ ያለ መልክ በአየርላንድ ፊልም ብዙም በማይታይበት ጊዜ! የዋናው ጽሑፋችን ሰፊ ክፍል በዚሁ ላይ ያተኩራል፤ ስለ ዝናዋና ስለ ቀሚሶቿ ሌሎች በቂ ጽፈዋል።

በአየርላንድና በእንግሊዝ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፣ በጀማሪነቷ መድረክ ላይ ያያችኋት ካላችሁ ትዝታችሁን ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን።