ፉርሽካው ተገዝቶ ፍጉ የሚጣልበት ንግድ

የቦረና ኮርማ በዱብሉቅ ወይም በሞያሌ ገበያ ሲገዛ ነጋዴው የሚያየው ቁመናውን፣ ጥርሱንና ሻኛውን ነው። ከእንስሳው ጋር አብሮ የሚጫን፣ ግን ማንም ዋጋ የማያወጣለት ነገር አለ፤ ፎስፈረስ። ከከብት የቁም ክብደት ከመቶ 0.7 ያህሉ ፎስፈረስ ነው፤ አብዛኛውም ያለው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ኮርማ ከ2 ኪሎ በላይ ይዞ ይወጣል። 20 ኮርማ የጫነ መኪና 42 ኪሎ ገደማ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው፤ በ50 ኪሎ የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ጆንያ ቢሰላ አምስት ጆንያ ይሆናል። ግጦሹ ላይ ደግሞ ማዳበሪያ የሚበትን የለም።

ጉዳዩ የአርብቶ አደሩ ብቻ የሚመስለው ነጋዴ ይሳሳታል። ፎስፈረስ ያነሰው ሣር የሚበላ ከብት የመብላት ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ዕድገቱ ይጎተታል፤ ላሟም ኮርማ ቶሎ አትቀበልም። መንገድ ላይ አጥንት የሚያኝክ ከብት ያላየ ነጋዴ የለም። በደቡብ አፍሪካ አርኖልድ ታይለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት፣ ከብቱን ወደ አጥንት የሚነዳው የፎስፈረስ እጥረት ነው፤ ከሞተ እንስሳ አጥንት የሚገኘው የቦቱሊዝም መርዝ ደግሞ ሽባ አድርጎ ይገድለዋል። «ጨው እንሰጣለን» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። የኤል ሶድም ሆነ የአፋር ጨው የሚሰጠው በዋናነት ሶዲየም ነው።

ትልቁ ብክነት ግን ያለው አዳማ ዙሪያ ባሉ የማድለቢያ በረቶች ነው። ፉርሽካ ከመቶ 1 ገደማ ፎስፈረስ አለው። አንድ ኮርማ በቀን 4 ኪሎ ፉርሽካ ለ90 ቀን ቢበላ 3.6 ኪሎ ፎስፈረስ ይገባዋል። በዚያ ጊዜ 90 ኪሎ ቢጨምር በሰውነቱ የሚቀረው ከ0.7 ኪሎ አይበልጥም፤ ሌላው ከሞላ ጎደል በእበቱ ይወጣል። ስለዚህ 100 ኮርማ ያደለበ ሰው በአንድ ዙር 35 ጆንያ ኤንፒኤስ የሚያህል ፎስፈረስ ከበረቱ ጥግ ይከምራል። የፉርሽካውን ዋጋ ከፍሎ ፍጉን የሚያስወግድለት ሠራተኛ ይቀጥራል! ክምሩ ሳይሸፈን ክረምት ከገባ ጎርፍ ይዞት ወደ ወንዝ ይወርዳል። በአካባቢው ያለው ገበሬ ግን ማዳበሪያ በወረፋ ይገዛል።

በኬንያ ከማሳይ በረቶች የሚወጣ ፍግ በጭነት መኪና ለደጋው ገበሬ ሲሸጥ ኖሯል። ያ ንግድ ግን እንዳለ የሚቀዳ አይደለም፤ ከግጦሽ መሬት ፍግ መጫን ያንኑ የደከመ አፈር ለሁለተኛ ጊዜ ማራቆት ነው። መሸጥ ያለበት በተገዛ መኖ የተሠራው የማድለቢያ ፍግ ነው፤ ያውም በቅርብ ላለ እርሻ። ፍግ ከባድ ነው፣ ረጅም መንገድ የነዳጁን አይመልስም።

ወደ ደቡብ ባዶውን የሚመለሰው መኪና ሊጭን የሚገባው ሌላ ነው። ዳይካልሲየም ፎስፌት ከመቶ 18 ገደማ ፎስፈረስ አለው፤ ከጨው ጋር ተቀላቅሎ ይላሳል። ለአርብቶ አደሩ ቀብድ የሚሰጥ ነጋዴ ከቀብዱ ጥቂቱን በዚህ ቢሰጥ የሚገዛው ከብት ይለወጣል። ጊዜው ግን ይታወቅ፤ የሚጠቅመው ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲለመልም፣ ከብቱ ማደግ ሲጀምር ነው። በድርቅ ወራት ከብቱ በቅድሚያ የሚያጣው ፕሮቲንና ጉልበት ሰጪ መኖ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ፎስፈረስ ብቻ ማላስ ብሩን ሜዳ ላይ እንደ መበተን ነው።