የቀጣናዊ የትምህርት ምዘና ውጤቶች እንዴት ይነበባሉ?

የአፍሪካ ሀገራት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎቻቸውን የንባብና የሒሳብ ችሎታ በጋራ መመዘን ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የምዘና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ማን አንደኛ ወጣ?» የሚለው ነው። ወላጅን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ልጆች በየክፍላቸው ምን ማድረግ እንደቻሉ የሚያሳየው የውጤቱ ክፍል ነው።

ከምዘናዎቹ ሁለቱ በስፋት ይታወቃሉ። ፓሴክ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሀገራትን የሚያቅፍ ሲሆን፣ 2ኛ ክፍልንና የአንደኛ ደረጃን መጨረሻ ይመዝናል። ሳክሜክ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመ የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የትምህርት ሚኒስቴሮች ጥምረት ሲሆን፣ ምዘናውን በ6ኛ ክፍል ያካሂዳል። ሁለቱም በናሙና የሚሠሩ ናቸው፤ ጥቂት ትምህርት ቤቶችና ተማሪዎች ተመርጠው የሀገሪቱን ሁኔታ እንዲያሳዩ ይደረጋል። በመሆኑም ልጃቸው ለእንዲህ ያለ ምዘና የተመረጠባቸው ወላጆች ሊሰጉ አይገባም። ውጤቱ በተማሪው ካርድ ላይ አይሰፍርም፤ ከክፍል ወደ ክፍል ለመዛወርም መስፈርት አይሆንም።

በሳክሜክ ሰንጠረዥ ላይ የሚታየው 500 የተሰኘ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ማለፊያ ነጥብ ይመስላል። ቁጥሩ በሁለተኛው ዙር የተሳተፉት ሀገራት አማካይ እንዲሆን የተወሰነ የመለኪያ መነሻ ነው እንጂ ማለፍንም ሆነ መውደቅን አያመለክትም። አማካዩ ራሱ ዝቅተኛ ችሎታን ሊወክል ስለሚችል ከእርሱ በላይ መገኘት በራሱ አያኩራራም። ለዚህም ነው ምዘናው የንባብ ችሎታን በስምንት እርከኖች ከፍሎ የሚያቀርበው፤ የታችኞቹ ቃልን ከሥዕል ጋር ለማዛመድ የቀረቡ ሲሆኑ፣ የላይኞቹ ጽሑፍን መርምሮ መተቸትን ይጠይቃሉ።

ደረጃን ከደረጃ ማነጻጸርን እጅግ የሚያከብደው የቋንቋ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በ10 ሀገራት በተካሄደው የፓሴክ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቋንቋ የሚጠበቀውን ዝቅተኛ ብቃት አላሟሉም። ከሌሎቹ ርቃ የታየችው ቡሩንዲ ናት። የቡሩንዲ ሕፃናት የተማሩትም የተመዘኑትም በአፍ መፍቻቸው በኪሩንዲ ሲሆን፣ የሌሎቹ ሀገራት ሕፃናት የተመዘኑት በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው። ልዩነቱ የምዘናው ቋንቋ ብቻ የፈጠረው ነው እንዳይባል፣ በአንደኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተናው በፈረንሳይኛ በሆነ ጊዜም የቡሩንዲ ተማሪዎች በንባብ ከአማካይ በላይ ውጤት አግኝተዋል፤ በሒሳብም ቀዳሚ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የሳክሜክ ምዘና በንባብ ቀዳሚ የነበረችው ታንዛኒያም ተማሪዎቿን የመዘነችው በስዋሂሊ ነበር።

ሳክሜክ መምህራንንም በትምህርት ዓይነታቸው ይፈትናል። ይህ በብዙ ሀገራት የማይደፈር ጉዳይ ነው። የደቡብ አፍሪካን የ2007 መረጃ ዳግም የተነተኑ ተመራማሪዎች 79 በመቶ የሚሆኑት የ6ኛ ክፍል ሒሳብ መምህራን እውቀት ከ6ኛና 7ኛ ክፍል ደረጃ በታች መሆኑን አመልክተዋል። እንዲህ ያለው ግኝት የመምህራን ሥልጠና ላይ ጣቱን ስለሚቀስር፣ የሀገራትን ደረጃ ከሚዘረዝር ሰንጠረዥ ይልቅ ለሥራ ይጠቅማል። በአንጻሩ ምዘናዎቹ የማያዩት ሕፃን አለ፤ ይኸውም ከትምህርት ገበታ ውጭ ያለው ነው። ብዙ ልጆች ያቋረጡበት ሀገር በክፍል የቀሩትን ብቻ መዝኖ የተሻለ ሊመስል ይችላል።

ኢትዮጵያ በተጠቀሱት የፓሴክና የሳክሜክ ዙሮች አልተካተተችም። በመሆኑም የኬንያን የሳክሜክ ውጤት ከኢትዮጵያ ተማሪዎች ውጤት ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ኢትዮጵያ የራሷን ሀገር አቀፍ የትምህርት ምዘና ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ስታካሂድ ቆይታለች። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛ ክፍል የንባብ ምዘናም ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከደነገገ አሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የተገኘ ውጤት በመሆኑ፣ ቋንቋው ብቻውን እንደማይበቃ፣ መጽሐፍ፣ የሠለጠነ መምህርና የንባብ ጊዜም እንደሚያስፈልጉ ያስገነዝባል።

በሀገር ውስጥም ቢሆን ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይሻል። ከሁለት መቶ በላይ ፊደላትን የሚያጠና የአማርኛ ተማሪና በላቲን ፊደል ረዣዥም ቃላትን የሚያነብ የአፋን ኦሮሞ ተማሪ በደቂቃ የሚያነቡት የቃላት ብዛት በአንድ ሚዛን አይለካም። ስለሆነም ወላጆች የልጃቸውን ንባብ ለማወቅ የሚሻለው መንገድ፣ ልጁ ከዚህ በፊት ያላየውን አጭር ጽሑፍ በሚማርበት ቋንቋ እንዲያነብ አድርጎ የተረዳውን መጠየቅ ነው። ችግር ካዩ የክፍል መምህሩን ማነጋገር ይችላሉ፤ ለዚህም የዓመቱን መጨረሻ ካርድ መጠበቅ አያስፈልግም።