ከፎቶግራፍ በፊት ሰላምታ

ፎቶግራፍ ወደ ሀገራችን ከገባበት ዘመን አንሥቶ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ፣ መልኩ ተነሥቶ ለትውልድ ሊቀመጥለት ይገባል ተብሎ ይታሰብ የነበረው ሰው ወይ ባለ ዘውድ፣ ወይ ባለ ማዕርግ፣ ወይ ደግሞ በሠርጉና በምረቃው ቀን አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው ነበረ። ከዳግማዊ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥቱን በዚህ ሙያ ያገለገሉት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች፣ በኋላም በዚያው ሥራ የቈዩት አቶ ሽመልስ ደስታ፣ ለታሪክ ያስቀሩልን ቅርስ እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የእነዚያን ነገሥታት ፈረስ የጫነው ሎሌ፣ የግብሩን እንጀራ የጋገረችው ሴት፣ የድንኳኑን ካስማ የመታው ሰው መልካቸው ምን ይመስል እንደ ነበረ ብንጠይቅ፣ በሥዕሉ ጠርዝ ደብዝዞ ከቀረ ጥላ በቀር የምናገኘው ጥቂት ነው።

ይህን ጉዳይ እንደገና እንዳስብበት ያደረገኝ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወጣት ነው። ትምህርቱ ምሕንድስና ቢሆንም፣ ከክፍል በወጣ ቍጥር ስልኩን ይዞ ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ እስከ መናኸሪያው፣ በገበያ ቀን ደግሞ እስከ ጉደርና እስከ ጊንጪ እየዘለቀ፣ ጋሪ ነጂውን፣ ሊስትሮውን፣ ቡና አፍልታ የምትሸጠውን፣ የጤፍ ጆንያ የተሸከመውን ሰው ሲያነሣ ይውላል። «ጋሼ፣ እኔን ያስጀመረኝ ግርማ በርታ ነው» ብሎኛልና ስለ አርአያው ጥቂት መናገር ይገባል።

ግርማ በርታ ፎቶግራፍን ከመምህር ሳይሆን በራሱ ትጋት የተማረ የአዲስ አበባ ሰው ሲሆን፣ ውድ መሣሪያ እስኪያገኝ ሳይጠብቅ በእጅ ስልኩ የመንገዱን ሕይወት በማንሣት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ የሰጡትን የገንዘብ ሽልማት ከተቀበሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ብዙ ሰው ባወቀለት በ«ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» ሥራው፣ በጎዳና ያገኘውን ሰው ከነጥላው ለይቶ፣ በዙሪያው ያለውን ሕንፃና መኪና ሁሉ አስወግዶ፣ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን ያቆመዋል። ሺህ ሰው በሚተራመስበት መዲና ማንም ዞር ብሎ የማያየው ምስኪን፣ እንዲህ ብቻውን በቆመ ጊዜ አረማመዱ፣ የትከሻው ጕብጠት፣ የያዘው ዕቃ ክብደት ሁሉ ይገለጣል። ይህ ታላቅ ማስተዋል ነው።

የአምቦው ተማሪ ግን መጀመሪያ ከአርአያው የወሰደው መንፈሱን ሳይሆን ስልቱን ነበረ። አንድ ጋሪ ነጂ ከነፈረሱ ከመንገዱ ቈርጦ አውጥቶ፣ በቢጫ ቀለም ላይ አቁሞ ባሳየኝ ጊዜ፣ ሥራው ያማረ መሆኑን ባልክድም ልቤ አልተቀበለውም። በትንሽ ከተማ ሰው በሕዝብ ብዛት ውስጥ አይጠፋም፤ የጋሪ ነጂው ስም፣ የአባቱም ስም፣ የፈረሱም ጠባይ ሳይቀር በሰፈሩ የታወቀ ነው። የሚጠፋው፣ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ምስክር የሚታጣለት፣ ጋሪው የቆመበት ጥግ፣ ከበስተኋላው የተደረደረው የአምቦ ውኃ ሣጥን፣ የባሕር ዛፉ አጥር፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈው የሱቅ ማስታወቂያ ነው። የተራውን ሰው አነጋገር ከነለዛው ወደ ቴአትር መድረክ ያወጣው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው እዚሁ አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ ነው፤ ይህ ምድር ለጆሮ የሰጠውን ጸጋ ለዓይንም እንደማይነፍግ አምናለሁ።

ወጣቱን ከእኔ ምክር ይልቅ ያስተማረው የጉደር ገበያ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ቅቤያቸውን በኮባ ቅጠል ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ገዢዋ በጣቷ ጫፍ ጥቂት ቈንጥራ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፤ ባለ ቅቤዋም ምን ትል ይሆን ብለው ፊት ፊቷን ያያሉ። ልጁ ከመንገዱ ማዶ፣ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ሆኖ፣ ያችን ቅጽበት ከጎን በኩል አነሣት። በሚቀጥለው ገበያ በወረቀት አሳትሞ ቢወስድላቸው፣ እጃቸውን ጠርገው ተቀበሉት፤ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም «ልጄ፣ ሌላው ዓይኔ የት ሄደ? ባንድ ዓይን የሚሣለው እኮ ሰይጣን ነው» አሉት።

እኒህ እናት የተናገሩት የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ለዘመናት የጠበቁትን ሥርዓት ነው። በጥንታዊው ሥነ ሥዕላችን ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸውን ወደ ምእመኑ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ሲታዩ፣ አጋንንትና ከሓድያን፣ የሰማዕታትም ገራፊዎች ከጎን ተሥለው ባንድ ዓይን ይታያሉ። ወጣቱ ሴትዮዋን ባንድ ዓይን ያስቀራቸው ተንኰል አስቦ አይደለም፤ ፊት ለፊት ቀርቦ ፈቃዳቸውን ስላልጠየቀ ነው። ተደብቆ ማንሣት በዓለም ስመ ጥር የሆኑ ሊቃውንትም የሠሩበት መንገድ መሆኑ እውነት ነው፤ ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን የካሜራው ብልጭታ እንዳያጋልጠው ጥቍር ያለብሰው ነበር፤ አሜሪካዊው ዎከር ኤቫንስም በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር መንገደኞችን ያነሣው ካሜራውን በካፖርቱ ሸሽጎ ነው። ሰው መታየቱን ባወቀ ጊዜ እውነተኛ ፊቱን ይሰውራል ብለው ያምኑ ነበርና።

እኔ ግን ይህ እምነት ለአምቦና ለጉደር፣ ለጌዶና ለአዲስ ዓለም አይሠራም እላለሁ። ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ቤተ ሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቅ በማያልፍበት አገር፣ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ሳይታይ ልየው የሚል ሰው በክፉ ይጠረጠራል እንጂ እውነት አይገለጥለትም። ወጣቱ ዛሬ አስቀድሞ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ቡና ቢያቀርቡለት ይጠጣል፤ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ይቈያል። ወደ ባለ ቅቤዋም እንዲህ ተመልሶ በሄደ ጊዜ፣ እርሳቸው መጀመሪያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው እንደ ጣዖት ቀሩ፤ ገበያው ሲሞቅ ግን ልጁን ረሱት፤ የገዢዋ ጣት፣ የቅቤው ወዝ፣ የሴትዮዋም ሁለት ዓይኖች በአንድነት የገቡበት ሥዕል የተገኘው ያን ጊዜ ነው። ከጎን ከተነሣው እጅግ ይበልጣል።

በእነዚህ ከተሞች ሰው ከካሜራ የሚሸሽበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱን ሳያነሡ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። አምቦ በ2006፣ ጊንጪ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በተቃውሞ ስማቸው ሲነሣ፣ በየከተማው የተነሣ ፎቶግራፍ ለአንዱ ዜና፣ ለሌላው ማስረጃ ነበረ፤ በአንድ ሥዕል ጥግ መታየት ልጅን ለእስራት ይዳርጋል ብላ የሰጋች እናት ዛሬም ስልክ ሲቃና ፊቷን ብታዞር የሚያስወቅሳት ነገር የለም። ደግሞም በዚያ ወራት ከወጡት ሥዕሎች በቀር የጊንጪን መልክ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ጊንጪ ግን ድንች የሚራገፍባት፣ ሙሽራ የሚሸኝባት፣ ተማሪ ደብተሩን አንግቶ በጭቃ የሚሄድባት ከተማ ናት፤ ይህም ሊመዘገብ መብት አለው።

ሕጋችንም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጽ የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል፤ 28ኛው አንቀጽ ለሹመኛና ለታዋቂ ሰው፣ ለፍርድ ሥራ፣ ለትምህርትና በአደባባይ ለሚደረግ ነገር ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ተማሪ በዚህ በኋለኛው ሊጠለል ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ቅቤ ሻጭ ሴት እንደ ሚኒስትር ፈቃዷን ሳትጠየቅ የምትነሣበትን ምክንያት አላየሁም።

ስለዚህ ለወጣቱ የነገርኩት፣ ያነሣውን ሁሉ ለባለቤቱ በወረቀት አሳትሞ እንዲመልስ፣ በጀርባውም ቀኑን፣ ቦታውንና ባለቤቱ ከፈቀደ ስሙን እንዲጽፍ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የምለምነው፣ የእንዲህ ያለውን ተማሪ ሥራ አንድ ቅጂ ተቀብሎ እንደ መጽሐፍ መዝግቦ እንዲያኖርለት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በጋሪ መቆሚያዎቹ ቢጀምር እመርጣለሁ። ባጃጅ መንገዱን ሁሉ እየወረሰው ነውና፣ የፈረሱን ጭራ በቀይ ክር የሚሸርቡት፣ የመንኰራኵሩን ጩኸት ሰምተው የማን ጋሪ እንደ ሆነ የሚለዩት ሽማግሌዎች ሥራቸውን ሳይተዉ ዛሬ ሄዶ ሰላም ሊላቸው ይገባል።