የጤፍ ጂኖምና የእኛ ድርሻ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚጓዝ መንገደኛ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን ሲያልፍ በክረምቱ ማብቂያ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ ያያል። እኛ የሳይንስ ሰዎች ግን ስለ ጂኖም ስናስተምር ምሳሌያችንን ከሰው፣ ከአተርና ከፍራፍሬ ዝንብ እንወስዳለን። በደጃችን የበቀለውን ማለፋችን ስሕተት ነው ብለን እናምናለን።

ለመሆኑ ጂኖም ምንድን ነው? አንድ ሕያው ነገር የሚይዘው የዲ.ኤን.ኤ ጠቅላላ ድምር ነው። በጤፍ ቅጠል ህዋስ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ በሦስት ስፍራ ይገኛል። እጅግ የሚበዛው በኒውክለስ ውስጥ በ40 ክሮሞዞሞች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ጥቂቱ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ በሚያዘጋጀው ክሎሮፕላስትና ኃይል በሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ አለ።

የጤፍ ጂኖም ወደ 700 ሚሊዮን የሚጠጉ ፊደላት ሲኖሩት፣ የሰው ከ3 ቢሊዮን ይበልጣል። ጤፍ በጥንት ዘመን ከተዳቀሉ ሁለት የሣር ዓይነቶች የተገኘ በመሆኑ ከ40ዎቹ ክሮሞዞሞች 20ዎቹ ከአንደኛው፣ 20ዎቹ ከሌላኛው የመጡ ናቸው። ስለዚህም ብዙዎቹ ዘረ መሎች መንትያ አላቸው። ተመራማሪው አንዱን ዘረ መል ቢለውጥ መንትያው ሥራውን ሊቀጥል ስለሚችል የተፈለገው ለውጥ በተክሉ ላይ ላይታይ ይችላል። ቀጭኑ የጤፍ አገዳ እንዳይጋሸብ አጭርና ጠንካራ ማድረግ የሚሻ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት።

ይህን ጂኖም በማንበብ ረገድ ጸደይ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ በመራው ሥራ፣ ዳቢ የተባለው ደግሞ በ2020 በአሜሪካ ተመራማሪዎች መሪነት ለኅትመት በቅቷል። በዳቢ ጂኖም ከ68 ሺህ በላይ ዘረ መሎች ተለይተዋል። ንባቡ ከውጭ መመራቱ አያስወቅስም፤ ዕውቀት ድንበር የለውም። የሚያሳስበን ተማሪዎቻችን የተነበበውን ሳያውቁ መመረቃቸው ነው።

ፊደሉ ብቻውን ማሳውን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት በትዕግሥት ተመልክተው ለይተው በማወቃቸው ጤፍን በእጅ ማዳቀል ተቻለ። በዚሁ መንገድ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ምርታማውን ዱከምን ከነጩ ማኛ ጋር አዳቅሎ በ2006 ቁንጮን ለገበሬው አበረከተ። ይህ ሁሉ የሆነው የጤፍ ጂኖም ከመነበቡ በፊት ነው። እንግዲህ ማሳውን የሚያውቅ ዓይን ፊደሉንም ማንበብ ቢችል ምን ያህል በተሠራ!

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። ነገር ግን የጤፍ ጂኖም በነፃ በሚከፈቱ የመረጃ ቋቶች ተቀምጧል፤ ለማንበብ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ይበቃል። ዲ.ኤን.ኤን ከጤፍ ቡቃያ ለይቶ በዓይን ለማየትም ሳሙና፣ ጨውና ቀዝቃዛ አልኮል ብዙውን ሥራ ይሠራሉ።

ስለሆነም ከአዳማ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ያሉ የሥነ ሕይወት መምህራን የጂኖምን ትምህርት ከጤፍ እንዲጀምሩ እንጠይቃለን። ተማሪዎችም በመኸር ወራት ማሳውን፣ ከዚያም ፊደሉን ይመልከቱ። የምንበላውን እንጀራ ምንነት ሌሎች አንብበው እስኪነግሩን መጠበቅ አይገባንም።