ድል መሆንና ድል መንሣት

አማርኛን በቅርቡ መማር የጀመረ ሹም ከሚያደናግሩት ቃላት አንዱ «ድል» ነው። «ድል አደረገ» ወይም «ድል ነሣ» ሲባል አሸነፈ ማለት ነው። «ድል ሆነ» ሲባል ግን፥ ለእንግዳ ጆሮ የደስታ ወሬ ቢመስልም፥ ተሸነፈ ማለት ነው። አንዲት ግሥ ስትለወጥ አሸናፊውና ተሸናፊው ቦታ ይለዋወጣሉ። «ረታ»ና «ተረታ» የሚሉትም በችሎት ፊት በሙግት ላሸነፈና ለተሸነፈ ሰው ይነገራሉ፤ ለኳስ ሜዳ ግን «አሸነፈ»ና «ተሸነፈ» ይበቃሉ።

ስለ ኳስ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ገዳሪፍ፥ ወደ ከሰላና ወደ ኒው ሀልፋ አገር ለሥራ የሚሻገር ሰው ከሱዳን ሰዎች ጋር ሻይ ሲጠጣ ስለ ድንበርና ስለ እርሻ መሬት ወሬ ቢነሣ ልብ ይከብዳል። ስለ እግር ኳስ ቢነሣ ግን ፊት ሁሉ ይፈታል። በዚህም ጨዋታ ላይ ኢትዮጵያዊው እንግዳ በሱዳን ምድር ስለ ደረሱብን ሽንፈቶች መስማቱ አይቀርምና፥ ነገሩን አስቀድሞ አውቆ በትሕትናና በፈገግታ ቢመልስ መልካም ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

የአፍሪቃ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በካርቱም በ1949 ዓ.ም. ሲደረግ ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በፍጻሜው ጨዋታ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛ ውድድርም በግብፅ 4 ለ 0፥ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፈች። እንግዲህ በሁለቱ ውድድሮች ሦስት ጊዜ ተጫውታ ሦስት ጊዜ ድል ሆነች፤ ዘጠኝ ግብ ሲገባባት አንዲት እንኳ አላገባችም። ያን ጊዜ «ኳስ ለእኛ አልተፈጠረም» ብሎ መተው ቀላል ነበር። ነገር ግን በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያችኑ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ደግሞ የሽንፈት ተራ መጣ። በጥር 1960 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባና በአሥመራ ሲደረግ ቡድናችን በምድቡ የገጠማቸውን ሦስቱንም አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። ሁለት ዓመት ብቻ ቈይቶ፥ በ1962 ዓ.ም.፥ ወደ ካርቱም ሄደ። ጥር 29 ቀን ባለቤቲቱ ሱዳን 3 ለ 0 አሸነፈችው። የካቲት 1 ቀን ካሜሩን 3 ለ 2 አሸነፈችው። የካቲት 3 ቀን ደግሞ ኮት ዲቩዋር 6 ለ 1 ረመረመችው፤ ከስድስቱ ግቦች አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ የሚባለው ዝነኛ አጥቂ ነበር። ሦስት ጨዋታ፥ ሦስት ሽንፈት፥ አሥራ ሁለት ግብ የገባበትና ሦስት ያገባ ቡድን ሆኖ ተመለሰ። ሱዳን ግን በዚያው ውድድር ጋናን በፍጻሜው 1 ለ 0 አሸንፋ የአፍሪቃ ሻምፒዮን ሆነች።

«የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» ይባላል። ቡድን ሲሸነፍ ተቺው ይበዛል፤ ከሩቅ ሆኖ ሁሉን የሚያውቅም ይበዛል። ይሁን እንጂ ከቍጥሮቹ ጋር በርጋታ የተቀመጠ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ለካሜሩን የተሰጠው ጨዋታ በአንዲት ግብ ልዩነት ብቻ ያለቀ ነበር። ደግሞም ከ1954ቱ ድል እስከዚያ ቀን ስምንት ዓመት አልፎ ነበር፤ ስምንት ዓመት ደግሞ ለኳስ ተጫዋች እግር ረጅም ዘመን ነው። ያሸነፈ ቤት ተተኪውን በድል ቀን ካላዘጋጀ፥ በሽንፈት ቀን ሊፈልገው አይችልም።

ከዚያም ወዲህ መንገዱ ረዘመ። በ1968 ዓ.ም. ውድድሩን እኛው አስተናገድን፤ ከምድባችን ግን አላለፍንም። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ አንዲት ግብ ሳናገባ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ውድድሩ አልደረስንም።

የመመለሻውም በር በሱዳን በኩል ተከፈተ። በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. በሱዳን በተደረገው የማጣሪያ ጨዋታ ቡድናችን 5 ለ 3 ተሸነፈ። ያን ቀን ሬዲዮኑን በንዴት የዘጋ ሰው ብዙ ይሆናል። ነገር ግን በሽንፈቱ ውስጥ ሦስት ግቦች ነበሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አንዳንድ ግብ አግብተው ጨዋታው 2 ለ 0 ሲያልቅ፥ ድምሩ አምስት ለአምስት ሆነ። በሰው ሜዳ የገባ ግብ ይበልጥ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ወደ ደቡብ አፍሪቃ የሄደችው ኢትዮጵያ ሆነች። በተሸነፉበት ቀን ያገቧቸው ግቦች ባይኖሩ ኖሮ የአዲስ አበባው ድል ባልበቃ ነበር።

ይህን ለቤታችንም እናምጣው። ልጅ ከፈተና ወድቆ ሲመጣ አባት «ድል ሆንህ» ብሎ ቢዘጋበት፥ ልጁ በወደቀበት ፈተና ውስጥ በትክክል የመለሳቸውን ጥያቄዎች እንኳ ሳያይ ይቀራል። ወላጅ ከልጁ ጋር ተቀምጦ መጀመሪያ የተገኘውን፥ ቀጥሎ የጐደለውን ቢመለከት ይሻላል። ለመሥሪያ ቤት ሹምም እንዲሁ ነው፤ ዕቅድ ሲከሽፍ ጥፋተኛ ከመፈለግ በፊት በሥራው ውስጥ የቀረችውን ግብ መቍጠር ይገባዋል።

የኒው ሀልፋ ከተማ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። የአስዋን ግድብ ውሃ የዋዲ ሀልፋን አገር ሲያሰጥም፥ በ1956 ዓ.ም. ሃምሳ ሺህ የሚሆኑ ኑብያውያን ከአባቶቻቸው መንደር፥ ከቴምር ዛፎቻቸውና ከመቃብሮቻቸው ተለይተው ወደዚህ ሜዳ መጡ። ከዚህ የበለጠ ሽንፈት አይገኝም። ይሁን እንጂ በአትባራ ወንዝ ላይ ከተሠራው ከኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ በመጣው ውሃ ጥጥ፥ ስንዴና ኦቾሎኒ ዘሩ። ውሃውም በከፊል ከእኛው ተራሮች፥ በተከዜ በኩል የሚወርድ ነው።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ብዙዎችን ከካርቱም ወደ ምሥራቅ አሰድዶአል፤ በመተማ በኩል ወደ አገራችን የገቡም አሉ። አማርኛ የሚማር ሹም እንዲህ ያለውን ጎረቤት ሲያገኝ፥ ስለ ኳስ ቢጠየቅ «በ1962 አሸንፋችሁናል፤ በ2005 ደግሞ ተራው የእኛ ነበር» ብሎ ፈገግ ይበል። ቀጥሎም «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ይበል፤ ይህ ሐረግ ከሰዋስው መጽሐፍ ሁሉ ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነው።